መቃብር ያልተደረገላቸው አባት፦ የሰማዕቱ አቡነ ጴጥሮስ ሕይወትና የወሎ ኀዘን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በሀብሩና በወልድያ አጥቢያዎች ለቅሶ ስንደርስ ከሁሉ የሚከብደን አስከሬን የሌለበት ቤት ነው። አስከሬን ካለ ሁሉም ሥራውን ያውቃል። ካህናቱ ይገንዛሉ፤ ጸሎተ ፍትሐት ያደርሳሉ፤ ቅሬው መቃብር ይቆፍራል፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ዐፈር ያለብሳል፤ ሴቶቹ ንፍሮ ይቀቅላሉ፤ ሠልስቱ፣ ሰባቱ፣ ዐሥራ ሁለቱ፣ ሠላሳው፣ አርባውና ሰማንያው እየተቈጠሩ ኀዘንተኛው ቀስ በቀስ ወደ ቤቱ ይመለሳል። አስከሬን ሲጠፋ ግን ቍጥሩ ከየት ይጀመር? ከነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ጦርነቱ ወልድያንና መርሳን ለወራት በሸፈነ ጊዜ በየመንደሩ የገጠመን ጥያቄ ይህ ነበር። በችኰላ የተቀበረ አለ፤ የት እንደ ወደቀ ያልታወቀም አለ። እናት ደጁን እያየች ተዝካር ማውጣት ተስፋ መቍረጥ ይመስላታል። አባት ደግሞ ልጁ ያለ ፍትሐት መቅረቱ እንቅልፍ ይነሣዋል።

እንዲህ ያለውን ኀዘንተኛ ለማጽናናት ስንቀመጥ፣ ከቅዱሳት መጻሕፍት ታሪክ ቀጥለን የምንናገረው የአንድ አባት ሕይወት አለ። እኒህ አባት የወሎ ጳጳስ ነበሩ፤ በዚሁ በመርሳና በወልድያ በሚያልፈው መንገድ ሕዝባቸው ወደ ማይጨው ሲተም አብረው ዘምተዋል፤ በመጨረሻም እርሳቸው ራሳቸው ልጆቻቸው ሊቀብሩአቸው ያልቻሉ አባት ሆነዋል። ሰማዕቱ አቡነ ጴጥሮስ ናቸው።

ስለ አቡነ ጴጥሮስ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚነገረው የመጨረሻዪቱ ሰዓት ብቻ ነው። እኛ ይህ አይበቃም እንላለን። ያችን ሰዓት የወለደው ከዚያ በፊት የነበረው ረጅም የተማሪነት፣ የመምህርነትና የጾም ዘመን ነውና።

የተወለዱት በሰላሌ፣ በፍቼ ነው። ስመ ጥምቀታቸው ኃይለ ማርያም ይባላል። እንደ ዘመኑ የአብነት ተማሪ ከፊደልና ከዳዊት ተነሥተው፣ ቅኔውን ፍለጋ ዐባይን ተሻግረው ጎጃም ወርደው፣ በየጉባኤ ቤቱ ዞረው ተማሩ። ምንኵስናን የተቀበሉት በደብረ ሊባኖስ፣ በአቡነ ተክለ ሃይማኖት ገዳም ነው። ከዚያም ወደ ወሎ መጥተው በአማራ ሳይንት በምስካበ ቅዱሳን ገዳም አስተማሩ። እንግዲህ ወሎ ያወቃቸው ጳጳስ ሆነው ሳይሆን መምህር ሆነው ነው። በዚህ አመጣጣቸው ውስጥ ለእኛ ለወሎዎች ደስ የሚያሰኝ ነገር አለ። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከሸዋ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ መጥተው በአቡነ ኢየሱስ ሞዐ እግር ሥር ተምረው ነበር። የወሎ ገዳም ለሸዋ የሰጠውን ደብረ ሊባኖስ ከስድስት መቶ ዓመት በኋላ በመምህር ኃይለ ማርያም በኩል መለሰ ማለት ነው።

በ1921 ዓ.ም. የሆነውን ለመረዳት ከዚያ በፊት የነበረውን ኀዘን ማወቅ ያስፈልጋል። ቤተ ክርስቲያናችን ለብዙ መቶ ዓመታት ጳጳስ የምታገኘው ከእስክንድርያ መንበር ብቻ ነበር፤ የሚላከውም ግብጻዊ ነበር። አቡኑ ባረፈ ቊጥር አገሪቱ ሁሉ የሙት ልጅ ትሆናለች። ካህን የሚሾም፣ ታቦት የሚባርክ፣ ንጉሥ የሚቀባ አይኖርም። አቡነ ማቴዎስ በኅዳር 1919 ዓ.ም. ሲያርፉም የሆነው ይኸው ነው፤ ከሁለት ዓመት በላይ መንበሩ ባዶ ሆኖ ቆየ። እኛ ዲያቆናት ይህን ስናነብ ቀድመን የምናስበው፣ ድጓውን አድርሶ፣ ቅዳሴውን አጥንቶ፣ እጅ የሚጭንበት አባት ያጣውን ያን ዘመን ተማሪ ነው። አንዱ ሰው ሲሞት የብዙ ሺህ ሰው አገልግሎት አብሮ የሚቆምበት ሥርዓት ምን ያህል ያስጨንቅ እንደ ነበር መገመት አያስቸግርም።

ከረጅም ድርድር በኋላ በግንቦት 1921 ዓ.ም. በካይሮ፣ በፓትርያርክ ዮሐንስ 19ኛ አንብሮተ እድ፣ አራት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ማዕርገ ጵጵስና ተቀበሉ። አቡነ አብርሃም፣ አቡነ ይስሐቅ፣ አቡነ ሚካኤልና አቡነ ጴጥሮስ ናቸው። በዓመቱም ፓትርያርኩ ራሳቸው አዲስ አበባ መጥተው እጨጌውን አቡነ ሳዊሮስ ብለው ሾሙ። ለአቡነ ጴጥሮስ የደረሳቸው የምሥራቁ ክፍል ሲሆን መንበራቸውም ደሴ ሆነ። የወሎ ክርስቲያን በራሱ ቋንቋ የሚያስተምረው፣ የአብነት ትምህርት ቤቱን ሽታ የሚያውቅ፣ ቍራሽ ለምኖ የተማረ ጳጳስ ሲያይ የመጀመሪያው ነበር። ደስታው ግን ሰባት ዓመት አልሞላም።

ጣልያን በመስከረም 1928 ዓ.ም. መረብን ተሻግሮ ከገባ በኋላ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ሰሜን ሲወጡ ደሴን የጦር ሰፈራቸው አደረጉ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጠላት አውሮፕላኖች በከተማዪቱ ላይ ቦንብ አዘነቡ፤ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበትን ሆስፒታል እንኳ አላለፉትም። ኅዳር 26 የአቡነ ኢየሱስ ሞዐ በዓለ ዕረፍት ነው። በሐይቅ እስጢፋኖስ ማኅሌት ተቆሞ ባደረበት ማለዳ፣ የጥቂት ሰዓት መንገድ ርቃ ባለችው ደሴ ሰው በቤቱ እንዳለ ተቃጠለ። ወሎ ድንገተኛ ሞትን ከሰማይ ሲወርድ ያየው ያን ቀን ነው።

ከደሴ ወደ ሰሜን ያለውን መንገድ የአገራችን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሐይቅን፣ ውጫሌን፣ ውርጌሳን፣ መርሳን፣ ሲሪንቃን አልፎ ወልድያ ይገባል፤ ከዚያ ቆቦን፣ አላማጣን፣ ኮረምን ብሎ ማይጨው ይደርሳል። በ1881 ዓ.ም. ከጣልያን ጋር የውል ፊርማ የተፈረመው በውጫሌ ነበር፤ ከዐርባ ሰባት ዓመት በኋላ ያን ውል ያፈረሰውን ወገን ሊገጥም የሚሄደው ሠራዊት በዚያው በውጫሌ በኩል አለፈ። አቡነ ጴጥሮስም ከሠራዊቱ ጋር ዘመቱ። ጳጳስ በጦር ሜዳ ምን ያደርጋል ለሚል ሰው መልሱ ቀላል ነው፤ የሚሞት ባለበት የሚናዝዝ ያስፈልጋል።

የማይጨው ጦርነት የተደረገው መጋቢት 22 ቀን፣ በዐቢይ ጾም ነው። ሠራዊታችን ቀኑን ሙሉ ተዋግቶ ምሽጉን መስበር አልቻለም። ከቀናት በኋላ ወደ ኋላ ሲመለስ በአሸንጌ ሐይቅ ዙሪያ አውሮፕላኖቹ ደረሱበት፤ ቦንብና የመርዝ ጢስ አወረዱበት። ቀኑ መጋቢት 26፣ ቅዳሜ፣ የሆሳዕና ዋዜማ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የዚህ ጽሑፍ ልብ ያለው እዚህ ነውና። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት በሰሙነ ሕማማት ጸሎተ ፍትሐት አይደረስም። ሳምንቱ ሁሉ ለጌታችን ሕማም የተለየ ስለሆነ፣ በዚያ ሳምንት ለሚያርፉ ሁሉ ፍትሐቱ በሆሳዕና ዕለት፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ በቆመው ምእመን ላይ አስቀድሞ ይደረሳል። በዚያ ሳምንት ማን እንደሚሞት የሚያውቅ የለም፤ ስለዚህ ለሁሉም ይጸለያል። በ1928 ዓ.ም. ሆሳዕና የዋለው መጋቢት 27 ቀን ነበር፤ ፋሲካም ሚያዝያ 4 ቀን። የተፈታው ሠራዊት ከአሸንጌ ወደ ደቡብ የተበተነው በትክክል በሰሙነ ሕማማት ነው። በመንገድ ዳር በቍስል፣ በረኀብ፣ በመርዝ የወደቀው ሰው ካህንም መቃብርም አላገኘም። ነገር ግን ሆሳዕና ጠዋት በየአጥቢያው የቆሙ ካህናት፣ ማን እንደሚሞት ሳያውቁ፣ በዚያ ሳምንት ለሚያርፍ ሁሉ ጸልየው ነበር። ስሙን ያላወቁትን ሰው ፍትሐት አስቀድመው አድርሰውለታል።

ልጃቸው ያለ ፍትሐት ቀረ ብለው ለሚያለቅሱ ወላጆች ይህን ስንነግራቸው ዝም ብለው ይሰሙናል። አንዳንዶቹ ቀኑን ይጠይቃሉ፤ ልጃቸው የጠፋበትን ቀን ከእኛ ጋር ይቈጥራሉ። ቀኑ በሕማማት ባይውልም ግድ የለም እንላቸዋለን። በየቅዳሴው አስቀድመው ስላረፉ ወገኖች የሚጸለይ ጸሎት አለ፤ ፍትሐቱም አስከሬን ባይገኝ በክርስትና ስሙ ይደረሳል።

ንጉሠ ነገሥቱ ዋናውን መንገድ ትተው በላሊበላ በኩል አለፉ፤ እዚያም ለጸሎት ቆሙ። ጣልያን ግን በመኪናው መንገድ ገሰገሰ። ሚያዝያ 7 ቀን፣ ከትንሣኤ በኋላ ባለው ረቡዕ፣ ደሴ ተያዘች። የወሎ ሕዝብ የዚያን ዓመት ፋሲካ እንዴት እንዳሳለፈው አስቡት። ሥርዓታችን በበዓለ ኀምሳ ጾምና ስግደትን ይከለክላል። ቤተ መቅደሱ ክርስቶስ ተነሣ ይላል፤ ቤቱ ደግሞ ከማይጨው ያልተመለሰ ሰው ይጠብቃል። ለኀዘንተኛ ከባድ ፈተና ነው። ይሁን እንጂ በትንሣኤ ሰሞን የሞተበትን ሰው ቤተ ክርስቲያን እንዳያለቅስ አትከለክለውም፤ ጌታችንም አልዓዛርን ሊያስነሣው ሳለ አልቅሶለታል። የምትከለክለው ትንሣኤ እንደሌለ ሆኖ ማዘንን ነው።

አቡነ ጴጥሮስ ከማይጨው በኋላ ወደ መነኮሱበት ወደ ደብረ ሊባኖስ ሄዱ። አዲስ አበባ ሚያዝያ 27 ቀን ተያዘች። በሰላሌ ግን የልዑል ራስ ካሣ ልጆች ደጃዝማች አበራና ደጃዝማች አስፋ ወሰን ሠራዊት ይዘው ነበርና፣ ክረምቱ ሲገባ አርበኞች ዋና ከተማዪቱን ለማስለቀቅ መከሩ። አቡነ ጴጥሮስ ይህን ምክር ባረኩ፤ አብረውም ተጓዙ። ሐምሌ 21 ቀን 1928 ዓ.ም. አርበኞች በተለያየ አቅጣጫ አዲስ አበባ ገቡ። ዝናቡ ከባድ፣ ወንዙ ሙሉ ነበር፤ በየአቅጣጫው የገባው ኃይል ሳይገናኝ ቀረና ጥቃቱ ከሸፈ። አቡነ ጴጥሮስ በጠላት እጅ ገቡ።

የተጠየቁት ሁለት ነገር ነበር፦ አርበኞችን ሽፍቶች ብለው እንዲያወግዙ፣ ሕዝቡም ለጣልያን እንዲገዛ እንዲያዝዙ። ሁለቱንም እምቢ አሉ። እንዲያውም በተቃራኒው፣ ለወራሪ የሚገዛውን አወገዙ፤ ምድሪቱም እንዳትቀበለው ገዘቱ። ሐምሌ 22 ቀን፣ ረቡዕ፣ በአደባባይ፣ በጥይት ተደበደቡ። የሐዋርያው የቅዱስ ጴጥሮስ በዓል ከተከበረ ገና ዐሥራ ሰባት ቀን ነበር።

እውነቱን ሳንሸፍን መናገር ይገባናል። በዚያ ዘመን አባቶቻችን ሁሉ አንድ መንገድ አልሄዱም። ከአቡነ ጴጥሮስ ጋር በአንድ ቀን የተሾሙት አቡነ አብርሃም ለጣልያን መንግሥት ገብተው፣ በኋላም ቤተ ክርስቲያኒቱን ከእስክንድርያ ለይተው ለመምራት ተሹመዋል። አቡነ ሚካኤል ግን በጎሬ በ1929 ዓ.ም. እንደ ወንድማቸው እንደ አቡነ ጴጥሮስ በሰማዕትነት ዐረፉ። በፍርሃት የወደቀውን ለመንቀፍ እኛ ማን ነን? ግን የአንዱ መውደቅ የሌላው መቆም ምን ያህል ዋጋ እንደ ጠየቀ ያሳያል። እምቢ ማለት የማይቀር ነገር አልነበረም፤ ሌላ በር ተከፍቶላቸው ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለው የልጆቻቸው ኀዘን ነው። የአቡኑ ሥጋ ለምእመናን አልተሰጠም፤ እንደ ጳጳስ ማዕርጋቸው ተገንዘው፣ ካህናት በጥና በጽንሐሕ ከበዋቸው፣ በቤተ ክርስቲያን አላረፉም። የወሎ ሀገረ ስብከት አባቱን በድንገት አጣ፤ ለለቅሶ የሚቀመጥበት መቃብር ግን አልነበረውም። በግልጽ ማልቀስም ቢሆን በጠላት ዘንድ ወንጀል ነበር። ዓመት ሳይሞላ ደግሞ ግንቦት 12 ቀን 1929 ዓ.ም.፣ በአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓለ ፍልሰተ ዐፅም፣ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተከበቡ፤ ተወስደውም ተረሸኑ። የግራዚያኒ የራሱ ዘገባ የተገደሉትን ከ400 በላይ ያደርሳቸዋል፤ ተመራማሪዎች ቍጥሩን ከዚያ እጅግ ከፍ ያደርጉታል። ለአቡነ ጴጥሮስ ተዝካር ሊያወጣ የሚገባው ገዳም ራሱ ተዝካር የሚወጣለት ሆነ።

ነቢዩ ሙሴ በሞዐብ ሲያርፍ መቃብሩን ማንም አላወቀም። እስራኤል ግን መቃብር የለም ብለው ኀዘናቸውን አልተዉም፤ በሜዳው ሠላሳ ቀን አለቀሱለት፤ ከዚያም ከኢያሱ ጋር ዮርዳኖስን ተሻገሩ። ቅዱስ እስጢፋኖስን ደግሞ በጎች ሰዎች ታላቅ ልቅሶ አልቅሰው ቀበሩት። ሰማዕት ነው፣ ክብር አግኝቷል ብለው ዕንባቸውን አልከለከሉም። የእኛም አባቶች በሁለቱ ምሳሌ መካከል ሄዱ። የሚቀብሩት ሥጋ ቢያጡም የሚያከብሩት ቀን አላጡም። ሐምሌ 22 መጀመሪያ የኀዘን ቀን ነበር፤ በኋላ የመታሰቢያ በዓል ሆነ።

ይህ መሸጋገር ቀላል ነገር አይደለም። ለሞተ ሰው እንጸልይለታለን፤ ሰማዕትን ግን እንዲጸልይልን እንለምነዋለን። ልጆቹ አባታቸውን ነፍስ ይማር ብለው የጀመሩት ኀዘን፣ በረከትዎ ይደርብን ወደሚል ዝክር ሲለወጥ፣ ያጡትን አባት በሌላ መንገድ አገኙት ማለት ነው። እርግጥ ነው፣ በጦርነት የሞተ ልጅ ሁሉ ሰማዕት ይባላል አንልም፤ ይህን የምትወስነው ቤተ ክርስቲያን ናት። አንዳንድ ጊዜ ኀዘንተኛን ለማስደሰት ሲባል በየለቅሶ ቤቱ ይህ ስም እንደ ዋዛ ሲሰጥ እንሰማለን፤ ሊታረም ይገባዋል። የሞተውን በስሙ እየጠሩ መጸለይ ለኀዘንተኛው ይበቃዋል፤ የሚሻለውም እርሱ ነው።

ከነጻነት በኋላ ለአቡነ ጴጥሮስ በአዲስ አበባ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ አጠገብ ባለው አደባባይ ሐውልት ቆመላቸው። ሐውልት የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት አይደለም፤ ይሁን እንጂ ይህ ሐውልት ለብዙዎች የመቃብርን ቦታ ተክቶ ቆይቷል። ከወሎ የሚመጣ ሰው ሁለት ደብር ተሳልሞ ሲያበቃ በዚያ አደባባይ በኩል ያልፍና ነጠላውን አስተካክሎ እጅ ይነሣል። በ2005 ዓ.ም. ለባቡር ሥራ ሲባል ሐውልቱ ከቦታው ተነሥቶ ወደ ቤተ መዘክር በተወሰደ ጊዜ በአደባባዩ ቆመው ያለቀሱ ነበሩ። ያን ጊዜ ለድንጋይ ይለቀሳል ወይ ብለው የተገረሙ አልጠፉም። እኛ ግን አልገረመንም። በመርሳና በወልድያ መቃብር ያጡ እናቶችን አይተናልና፤ የልጃቸውን ጋቢ በሣጥን አስቀምጠው፣ ሣጥኑ ከቦታው ሲነሣ እንደ አዲስ ያለቅሳሉ።

ሐውልቱ በ2008 ዓ.ም. ወደ ቦታው ተመለሰ። ሐምሌ 22 ቀን ዝናብ ቢሆንም ሰው ይመጣል።

የሰማዕቱ የአቡነ ጴጥሮስ በረከት ይደርብን፤ አሜን።